የታጠፈ ሥር

ከጅማ አጋሮን አልፎ ጎማ ውስጥ አንድ ቡና አብቃይ ሽማግሌ ነበሩ። ሰኔ ገብቶ መሬቱ ሲርስ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ችግኝ ሊተክሉ ወጡ። ጉድጓዱ በበጋ ተቆፍሮ አልቋል፤ የዋንዛው ጥላም ደርሷል። ችግኙ ከመልኮው የምርምር ማዕከል የወጣው፣ የፍሬ በሽታ የሚችለው 74110 የተባለው ዝርያ ነው።

ልጁ ቀልጣፋ ነው። ላስቲኩን ይቀድዳል፣ ችግኙን ጉድጓድ ውስጥ ይሰድዳል፣ አፈሩን መልሶ በእግሩ ጠቅጥቆ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሽማግሌው ግን ችግኙን መዳፋቸው ላይ አጋድመው የላስቲኩን ግርጌ በቢላ ይቆርጣሉ፤ ዋናውን ሥር ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ያያሉ። ጫፉ ብቻ የተጠማዘዘውን ይከረክሙታል፤ ከላይ የታጠፈውን ወዲያ ይጥሉታል። ሲመሽ ልጁ አራት ረድፍ ጨርሷል፣ እሳቸው አንድ።

“አባባ፣ ዝናቡ ሊያመልጠን ነው እኮ።”

“ዝናብ ከርሞም ይመጣል ልጄ። ይኼን ሥር ግን ዳግመኛ አላየውም።”

ሦስት ዓመት ሙሉ የሁለቱም ረድፍ አረንጓዴ ነበር። ጎረቤት እንዲያውም የልጁን ያደንቅ ነበር። በአራተኛው ዓመት፣ ቅርንጫፉ ፍሬ ሲሸከም፣ የልጁ ቡና ቅጠሉ ወየበ፤ ፍሬው ሳይቀላ ዛፉ ላይ ደረቀ። አንዱን ነቅለው ቢያዩት ሥሩ እንደ ከዘራ እጀታ ታጥፏል።

“የቀሩትን ቆፍሬ ላቃናቸው?”

“አሁንማ አይሆንም ልጄ። ብትጎነድለው እንኳ የሚታደሰው ግንዱ ነው፤ ሥሩ ያው ነው።”

ስማርት ኮንትራት የሚጽፉ ወጣቶቻችንን ባየሁ ቁጥር እኚህ ሽማግሌ ይታወሱኛል። ስማርት ኮንትራት “ሚዛኑ ይህን ያህል ፈረሱላ ካለ ይህን ያህል ብር ይለቀቅ” የሚለውን ውል በኮድ ጽፎ ብሎክቼይን ላይ መጫን ነው። እንደ ኢቴሪየም ባለ ኔትወርክ ላይ አንዴ የተጫነ ኮድ በዚያው አድራሻ አይታረምም። ጉድለቱም እንደ ቡናው ገንዘብ ሲሸከም ይወጣል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 ፓሪቲ ለሚባለው የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ (ዋሌት) አንድ የጋራ ኮድ ተጫነ፤ ባለቤቱን የሚሰይመው ትእዛዝ ለማንም ክፍት ሆኖ ቀርቶ ነበር። ሦስት ወር ተኩል እንዲሁ ቆየ። በኅዳር አንድ ሰው ራሱን ባለቤት አድርጎ ሰየመና ኮዱን አጠፋው፤ በዚያ ኮድ የሚሠሩት ዋሌቶች ውስጥ የነበረ ከ513 ሺህ በላይ ኢተር፣ የኢቴሪየም ገንዘብ፣ ተቆልፎ ቀረ።

እርግጥ፣ ከፊት ሌላ ኮንትራት አቁሞ ከኋላ ያለውን ኮድ መቀየር ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን የመቀየሪያው ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ገበሬው ማወቅ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2018 የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ካርዳኖ የተባለውን ብሎክቼይን ከሚሠራው ኩባንያ ጋር ሲፈራረም፣ ከተነሱት ሐሳቦች አንዱ የቡናን ጉዞ በብሎክቼይን መከታተል ነበር። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ስለምወደውም ነው እንዳይቸኮል የምለምነው። ኮዱ በሙከራ ኔትወርክ ላይ አንድ ሙሉ የለቀማ ወቅት ይክረም። የአጋሮ ሚዛን የመዘነው እውነተኛ ቁጥር ይግባበት፤ ብሩ ግን ይቆይ። ዝናብ የመታው እሸት፣ ሁለቴ የተመዘገበ ኩንታል፣ መብራት የጠፋበት ቀን ሁሉ ይለፍበት። ከዚያ ኮዱን ያልጻፈ ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ፣ መስመር በመስመር፣ ሥሩን ይመልከተው።