ፊርማና ፈቃድ

በሸክላ ንግድ ዓለም የዜማ ገዢ ለሚነሣበት ቅሬታ ሁሉ አንዲት መልስ አያጣም፤ «ወዶ ፈርሟል» ይላል። የፈረመ ሁሉ ግን ወዷልን? የሰለሞን ሊንዳ ታሪክ ይህ ጥያቄ በቀላሉ እንዲታለፍ አይፈቅድም።

ሊንዳ ዙሉ ዘፋኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ከጓደኞቹ ጋር በጆሃንስበርግ፣ በጋሎ ኩባንያ ስቱዲዮ «ምቡቤ» ማለትም «አንበሳ» የተሰኘውን ዜማ ቀረጸ። ማንበብና መጻፍ የማያውቀው ይህ ሰው በዚያው ኩባንያ ሸክላ በማሸግ ሥራ ይተዳደር ነበር። በ1952 የዜማውን መብት ለኩባንያው በ10 ሽልንግ አስተላለፈ። ዜማው በዚያው ጊዜ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ውስጥ «ዊሞዌ» ተባለ፤ በ1961 ደግሞ በእንግሊዝኛ ግጥም «አንበሳው ዛሬ ማታ ተኝቷል» ተብሎ ዓለምን አዳረሰ። ሊንዳ በ1962 በድህነት ሞተ።

በ10 ሽልንጉ ማነስ ብቻ መቆጨት ነገሩን ማቅለል ይሆናል። ሸክላ አሳታሚው ገንዘብ ያወጣል፤ ሳይሸጥ የሚቀርበትም ብዙ ነው፤ ትርፍ መሻቱ እንግዲህ በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ ሁለቱም ወገኖች ሊያዩት ያልቻሉትን መጪ ዘመን አንደኛው ብቻ ጠቅልሎ መውሰዱ ነው። ወተት የሸጠ ላሟን ከነጥጃዋ ሸጠ አይባልም። ይልቁንም በአፓርታይድ ሥርዓት ሥር ጥቁር ሠራተኛ በአሠሪው ፊት «ይህስ አይሆንም» የሚልበት ምን አቅም ነበረው? እምቢ ማለት የማይችልን ሰው እሺታ ፈቃድ ብሎ መጥራት ቋንቋን ራሱን መበደል ነው።

የሚያስገርመው፣ ኋላ ለወራሾቹ የደረሰላቸው የቅኝ ገዢው ሕግ መሆኑ ነው! በደቡብ አፍሪካም ይሠራ የነበረው የ1911 የብሪታንያ የቅጂ መብት ሕግ፣ ደራሲ በሕይወት ሳለ ያስተላለፈው መብት ከሞተ ከ25 ዓመት በኋላ ወደ ወራሾቹ እንዲመለስ ያዝዝ ነበር። ዜማው «ላየን ኪንግ» በተሰኘው ፊልም ተሰምቶ ስለ ነበር በዚሁ ሕግ መሠረት በ2004 በዲዝኒ ላይ ክስ ተመሠረተ፤ በ2006 ጉዳዩ በስምምነት አለቀ።

በኢትዮጵያም በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት ለዕድሜ ልኩና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። አዋጅ ግን ውል ሲዋዋሉ ከዘፋኙ ጎን አይቀመጥም። መብቱ የሚሰጠው ለየትኛው ቅጂ፣ ለስንት ዓመት፣ ለየትኛው አገር ነው? ፊልምንስ ይጨምራል? እነዚህን ከፊርማው በፊት ማንሣት የሙያ ማኅበራት ሥራ ነው፤ ውሉም ዘፋኙ በሚያውቀው ቋንቋ ጮክ ብሎ ሊነበብለት ይገባል።