ጾምና የእንስሳ ድርሻ፦ ለውሻና ለድመት ጥሬ ሥጋ ወይስ የፋብሪካ ምግብ

ውሻና ድመት የሚበሉትን የሚመርጥላቸው ሰው ነው። ሰውየው የራሱን ማዕድ በሃይማኖት ሥርዓት የሚመራ ከሆነ፣ ሥርዓቱ ለእንስሳው እስከ ምን ድረስ ይሠራል የሚል ጥያቄ ይነሣል። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሐይቅና በአምባሰል ጥያቄው ከሁለት ወገን ይመጣል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ያደራጁት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የጾም ሥርዓት በክርስቲያኑ ኑሮ ውስጥ ሥር ሰዷል፤ ከጎኑ ሐላልና ሐራምን የሚለይ ሙስሊም ጎረቤት ይኖራል። በልማድ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። ውሻው ግን ከሁለቱም ደጅ ይበላል።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ሥጋና ወተት ከቤት ስለሚጠፋ ውሻው የሚደርሰው የእንጀራ ትራፊ ብቻ ይሆናል። እንስሳን ማስጾም ተገቢ ነው ለሚል ሰው አብነት የሚሆነው ትንቢተ ዮናስ ነው፤ የነነዌ ንጉሥ አዋጅ ከሰው ጋር ከብቱንም ከመብልና ከውሃ ከልክሏል፣ ቤተ ክርስቲያንም ያንን ጾም በየዓመቱ ለሦስት ቀን ትጾመዋለች። ሆኖም አዋጁ ጥፋት ደጅ ላይ ቆሞ የወጣ የጭንቅ አዋጅ ነበር፤ በስም የጠራቸውም ላምና በግ ናቸው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የመጽሐፉ ፍጻሜ ነው፦ እግዚአብሔር ለከተማዪቱ እንስሳትም ጭምር እንደሚራራ ተናግሮ ያበቃል። ጾም ፈቃድን መግራት ነው። ኃጢአትም ንስሓም የሌለው ፍጥረት ምግብ ቢነፈግ ይራባል እንጂ አይጾምም።

ጥሬ ሥጋን የሚመርጡ ወገኖች ተፈጥሮን ምስክር ያደርጋሉ። አውስትራሊያዊው የእንስሳት ሐኪም ኢያን ቢሊንገርስት በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውሻ ጥሬ ሥጋና አጥንት እንዲበላ መክሯል። ነገር ግን ኦሪት ዘፍጥረት እንደሚለው ለአራዊት ሁሉ መጀመሪያ የተሰጠው ቡቃያ ነው፤ ኢሳይያስም አንበሳ ገለባ የሚበላበትን ዘመን ተስፋ ያደርጋል። መዝሙረኛው ደግሞ የአንበሳ ግልገሎች አደናቸውን ከእግዚአብሔር እንደሚለምኑ ይናገራል። በአሁኑ ዘመን ያለችው ድመት የምትኖረው በዚህ በመዝሙረኛው ዓለም ነው፤ የኢሳይያስን ተስፋ አስቀድሞ በእርሷ ላይ መሞከር ጭካኔ ነው። ድመት ከሥጋ የሚገኘውን ታውሪን የተባለ ንጥረ ነገር ካላገኘች ዓይኗ ይጎዳል፤ እጥረቱ ልብንም እንደሚያደክም በ1987 እ.ኤ.አ. ታውቋል። ውሻ ግን ከሰው ጋር በኖረበት ዘመን እህል መፍጨት ለምዷል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘረመል ጥናት ከተኩላ ይልቅ ስታርች ለመፍጨት የተሰናዳ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ እንጀራ የሚቀርብለት ውሻ፣ ከጠገበና አልፎ አልፎም ሌላ ምግብ ካገኘ፣ አልተበደለም። በሽሮ ፍትፍት ብቻ የምትያዝ ድመት ግን ተበድላለች።

በገጠር ድመት የጎደላትን አይጥ አድና ትሞላለች። በእስልምና ትውፊት ድመት አስራ ያስራበች ሴት መቀጣቷ ይነገራል፤ ጥፋቷ አለመመገቧ ብቻ ሳይሆን ድመቷ ራሷ ከምድር ፈልጋ እንዳትበላ መከልከሏም ጭምር ነው። ይህ ፍርድ በከተማ ድመት ቤት ቆልፎ ለሚያሳድር ሰው ሁሉ ይደርሳል።

ኦሪት ዘጸአት አውሬ የሰበረውን ሥጋ ሰው እንዳይበላ ከልክሎ ለውሻ እንዲጣል ያዝዛል። ስለዚህ በክት ለውሻ መስጠት ከጥንት የተፈቀደ ይመስላል። ችግሩ የሚመጣው ከበግና ከከብት የሆድ ዕቃ ነው። በቅርጫ ቀን ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለሰው አይሆንም ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። በዚያ ቋጠሮ ውስጥ የጥገኛ ትል እጭ አለ፤ ውሻው ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ወደሚረዝም ትል ያድጋል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በሣር፣ በውሃና በልጆች እጅ ላይ ያርፋል። የዋጠው ሰው በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ለዓመታት እያደገ የሚሄድ ቋጠሮ ያፈራል፤ ብዙ ጊዜም ካለ ቀዶ ሕክምና አይድንም። ለውሻ ቸርነት መስሎ የታየው ነገር ለጎረቤት ልጅ በደል ሆነ ማለት ነው፤ ባልንጀራን መውደድም ይህን ይከለክላል።

የፋብሪካ ምግብ ታሪኩ በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. በለንደን ጄምስ ስፕራት ከሸጠው የውሻ ብስኩት ይጀምራል። በሙቀት የበሰለ ስለሆነ ትል አያስተላልፍም፤ ጥራቱ የተጠበቀው ለድመት የሚያስፈልገውን ታውሪንም ይይዛል። ጥርጣሬው በይዘቱ ላይ ነው። የአሳማ ሥጋ ሊኖርበት ይችላል፤ የበክትና የአሳማ ሽያጭ በሐዲስ የተከለከለ ስለሆነ ለሙስሊም ገዢ ጥያቄው ከመመገቡ በፊት በግዢው ላይ ይነሣል። ለሁሉም የሚሆን ሌላ ጥያቄ የዋጋው ነው። በማቴዎስ ወንጌል የልጆች እንጀራ ለልጆች ነው፤ ቡችሎችም ፍርፋሪያቸው አይቀርባቸውም። ልጆች ሥጋ በማያገኙበት ቤት ከውጭ የመጣ ቆርቆሮ መግዛት ይህን ቅደም ተከተል ያዛባል።

እንግዲህ በሐይቅ ዙሪያ ላለ ቤት የሚበጀው ከሁለቱም የተለየ መንገድ ነው። የሆድ ዕቃው ይቀቀል፤ ሳንባና ጉበት ለግማሽ ሰዓት ቢፈላ በውስጡ ያለው እጭ ይሞታል። ውሃ የቋጠረው ይቀበር ወይም ይቃጠል። ካርፕን የመሰለ ዓሣ ጥሬውን ቫይታሚን ቢ1ን ስለሚያፈርስ ለድመት በስሎ ይሰጥ። የፋብሪካው ምግብ ተቆልፋ ለምትኖር ድመት ይቆይ። ሳንባና ጉበት ለግማሽ ሰዓት ቢፈላ በውስጡ ያለው እጭ ይሞታል።