አካል እንደ አደራ

ራስን ለመከላከል የሚሠለጥን ሰው አካሉን ለጉዳት የማጋለጥ መብት አለው ወይ? ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብተው በሚኖሩባቸው በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት የሁለቱም እምነቶች መልስ ተቀራራቢ ነው። በእስልምና አካል ከአላህ የተሰጠ አማና፣ ማለትም አደራ፣ ነው፤ ነቢዩ ሙሐመድም ፊትን መምታት ከልክለዋል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው አንደኛ መልእክት ሥጋን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ይለዋል።

አደራው ድርብ ነው። በቴኳንዶም ሆነ በካራቴ ሠልጣኝ አካሉን ለመማሪያ የሚያውሰው ለጓደኛው ነው። ጁዶን በ1882 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ጂጎሮ ካኖም ሥልጠና ራስንና ሌላውን አብሮ ማበልጸጊያ እንዲሆን አስተምሯል።

ከዚህ አደራ ተግባራዊ ግዴታዎች ይመነጫሉ። ሰውነትን አስቀድሞ ማሟሟቅ፣ ከመጣል በፊት አወዳደቅን መማር፣ መገጣጠሚያው የተጠመዘዘበት ጓደኛ መታ መታ ሲያደርግ ወዲያው መልቀቅ ይገባል። ጭንቅላቱን ክፉኛ የተመታ ሠልጣኝ «ደኅና ነኝ» ቢልም የዕለቱን ልምምድ ያቆማል፤ ሐኪም ሳያየውም አይመለስም።

ቡና በእጅ በሚለቀምበት አገር አንድ የተሰበረ ጣት የወቅቱን ገቢ ያሳጣል፤ ጉዳቱም ለቤተሰብ ይተርፋል። ስለዚህ ጥንቃቄ የፍርሃት ምልክት ሳይሆን አደራን መጠበቅ ነው።