ስለ ራስ ጠጕር ጌጥና ስለ እውነት

አንባቢ ሆይ፥ በከተማ በሚኖሩ ክርስቲያኖች መካከል ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፦ ጠጕርን አሳምሮ መሥራት ኃጢአት ነውን? የሚል ነው። አንዳንዶች ነገሩ ትንሽ ነው ብለው ይስቃሉ፤ አንዳንዶችም ነገሩ ታላቅ ነው ብለው ይቈጣሉ። ሁለቱም ወገኖች ግን ጥያቄውን ሳይመረምሩ ይሄዳሉ። በዚህች ትንሽ ጥያቄ ውስጥ ስለ እውነት፥ ስለ ቅን ፍርድና ስለ ፍቅር የሚጠይቁ ነገሮች አሉና፥ ጥቂት ጊዜ በትዕግሥት እንድትመረምራት እለምንሃለሁ።

በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ ያለውን የአቃቂ ቃሊቲን ሕዝብ በማለዳ ተመልከት። ይህ አገር ከጥንት ጀምሮ የመንገደኛና የሠራተኛ አገር ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር በአቃቂ በኩል አለፈ፤ ከዚያም በኋላ ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ በመስከረም 2008 ዓ.ም. የተከፈተው የከተማው ቀላል ባቡርም የደቡብ መጨረሻው ቃሊቲ ሆነ። በዚህ መንገድ በየማለዳው ከሚፈሱት ወጣት ሴቶች አያሌዎቹ ጠጕራቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው፥ ከአናታቸው አጠገብ በአንድነት አስረው፥ ጫፉን እንደ ፈረስ ጭራ ለቀውታል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በሚሽከረከር መኪና አጠገብ የምትሠራ ሴት ጠጕሯን ብትበትነው ለሕይወቷ ያሰጋታል፤ ተማሪዪቱም በመጽሐፏ ላይ ስታጐነብስ ጠጕሯ ዓይኗን እንዳይጋርዳት ትፈልጋለች። ጠጕርን ማሰር እንግዲህ አስቀድሞ ጥቅም ነው፤ ጌጥነቱ ከጥቅሙ በኋላ ይመጣል።

ይህ ሥራ በቤት ውስጥ ያለ ብዙ ወጪ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለነገራችን ይጠቅማል። ሴቲቱ ታጥቦ በሚገባ የደረቀውን ጠጕር ከጫፉ ጀምራ ወደ ሥሩ እየወጣች ታበጥረዋለች፤ ከሥሩ ብትጀምር የተቋጠረው ይጠብቅና ይበጠሳልና። ከዚያም ጥቂት ቅባት በመዳፏ አሽታ የግንባሯንና የጆሮ ግንዷን ጠጕር ወደ ኋላ ታስተኛዋለች። ጠጕሩ የበዛ እንዲመስል ብትወድ በሁለት ትከፍለዋለች፤ የላይኛውን ከአናቷ አጠገብ፥ የታችኛውን ከእርሱ ዝቅ አድርጋ ለየብቻ ታስራለች። የላይኛው በታችኛው ላይ ሲወድቅ ሁለቱ አንድ ረጅምና ወፍራም ጠጕር ይመስላሉ። በመጨረሻም አንድ ቀጭን ዘለላ ወስዳ ላስቲኩ እንዳይታይ በዙሪያው ትጠመጥመዋለች፥ ጫፉንም ከሥር በማስያዣ ትሰውረዋለች።

በዚህ ጊዜ ጥብቅ የሆነ አንድ ሰው ተነሥቶ፦ እነሆ ሐሰት! ሁለቱን አንድ ማስመሰል፥ ጥቂቱን ብዙ ማስመሰል፥ ላስቲኩን መሰወር ማታለል አይደለምን? ቢል ምን እንመልስለታለን? ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው የእንጨት ቤቱን በጭቃ መርጎ በኖራ ቢቀባው ውሸታም ይባላልን? አይባልም። ቤቱ እንዲያምርና ነፋስ እንዳይገባው አደረገ እንጂ ድንጋይ ነው ብሎ አልማለም። ዳሩ ግን ያንኑ ቤት የድንጋይ ቤት ነው ብሎ በድንጋይ ቤት ዋጋ ቢሸጠው ሌባ ሆነ። ምርጊቱ ያው ምርጊት ነው፤ በደሉ የገባው በእርሱ ታምኖ ገንዘቡን የሰጠውን ሰው ባታለለ ጊዜ ነው። እንግዲህ ሐሰት የሚሆነው ሰው በቃላችን ወይም በሥራችን ሲታመን እምነቱን የሰበርንበት እንደ ሆነ ነው። በባቡር አጠገቧ የቆመ ሰው የጠጕሯን ብዛት ሊቈጥርና ሊታመንበት አልመጣም፤ ስለዚህ ያታለለችው የለም። የሚያገባትን ሰው ግን ስለ ራሷ አንዳች ነገር ብታታልለው፥ ወይም የሌላትን ሀብት እንዳላት ለማስመሰል ብታጌጥና በዚያ ብትበደር፥ ያን ጊዜ ጌጡ ሐሰት ሆነ።

ሐዋርያቱ ጳውሎስና ጴጥሮስስ ስለ ጠጕር ሹሩባ አልተናገሩምን? አዎን፥ ተናግረዋል። ነገር ግን በምን መካከል እንደ ጠቀሱት አስተውል፤ ሹሩባውን ከወርቅና ዋጋው ብዙ ከሆነ ልብስ ጋራ አያይዘው ጠቀሱት። በአንድ ቤት ለጸሎት ባለጠጋዪቱና ድኻዪቱ አብረው ሲቀመጡ፥ የአንዲቱ ራስ የሌላዪቱን ድኽነት እንዳይሰድብ ከለከሉ። የከለከሉት ሀብትን ለመግለጥ መታበይን ነው፤ ማበጠሪያን አይደለም። ጌታችንም የሚጾመውን ሰው ራሱን ይቀባ ዘንድ፥ ፊቱንም ይታጠብ ዘንድ አስተማረ፤ የተንጨባረረ ጠጕርም የትዕቢት ልብስ ሊሆን እንዲችል ያውቅ ነበርና። አቤሴሎም በጠጕሩ ተመካ፤ በተቈረጠም ጊዜ 200 ሰቅል ይመዝን ነበር። የጠፋው ግን ጠጕሩ ስለ በዛ አይደለም፤ በአባቱ ላይ ስለ ተነሣ ነው።

በአገራችንም ጠጕር ሁልጊዜ ቋንቋ ነበረ። በሰሜን አገር ልጃገረድ ጋሜ ተደርጋ አናቷን ትላጭ ነበር፤ ስታገባ ታሳድገዋለች። ሐዘንተኛ ጠጕሩን ይላጫል። እናት የልጇን ራስ በለጋ ቅቤ ቀብታ ሹሩባ ትሠራላታለች። ነገሥታቱም ሹሩባ ይሠሩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ በሞቱ ጊዜ የእንግሊዝ ሰዎች ከራሳቸው ጠጕር ቈርጠው ወሰዱ፤ ያም ጠጕር ለንደን ካለው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለኢትዮጵያ የተመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። ከ150 ዓመት በኋላ ጥቂት ዘለላ ጠጕር የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። ጠጕር ከንቱ ነገር ነው የሚል ሰው ይህን ያስብ፤ የሰውን ጠጕር ያከበረ ሰውየውን ያከብራል፥ ያዋረደውም ሰውየውን ያዋርዳል።

እውነተኛው አደጋ የት እንደ ሆነ ከዚህ እናያለን። እኅቴ ሆይ፥ ጠጕርን አስተኝቶ ማሰር ክፉ አይደለም፤ ክፉው ሴት ልጅ የተፈጠረችበትን ጠጕር እንድትንቅ ማስተማር ነው። በመንደራችን ዞማና ሉጫ ጠጕር ይመሰገናል፤ ከርዳዳ ጠጕር ግን ስድብ ሆኖ ይነገራል። እናት ልጇን በጉልበቷ መካከል አስቀምጣ ስታበጥር፦ ይህ ምን ዓይነት ክፉ ጠጕር ነው! ብላ ስታማርር ልጂቱ ትሰማለች። ማበጠሪያው የሚያሳምማት ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ቃሉ ግን ዕድሜ ልክ ያሳምማታል። ያች ልጅ ባደገች ጊዜ በየማለዳው ፒያስትራ አግላ ጠጕሯን ብታቃጥል የምትደነቁ ለምንድር ነው? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ የልጅን ጠጕር የናቀ ልጂቱን ንቋል። ለሌላ ሰው ያልተነገረው ሐሰት እነሆ ይህ ነው፤ ሰው ለራሱ የሚነግረው፦ እንደ ተፈጠርሁ ሆኜ ለመታየት አልበቃም የሚለው ሐሰት ነው። ስለዚህ በመስተዋት ፊት የቆምሽ ሆይ፥ እጅሽ ምን እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን ልብሽ ምን እንደሚል ስሚ። የምታጌጭው ጠጕርሽን ስለምትወጂው ነውን? ወይስ ስለምታፍሪበት ነው? ሥራው አንድ ሲሆን ፍሬው ሁለት ነው።

ደግሞ ለሰውነት የሚገባውን ጥንቃቄ አትርሺ። ጠጕር ዘወትር ተወጥሮ ቢታሰር ሥሩ እየደከመ፥ ከግንባርና ከጆሮ ግንድ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። ሐኪሞች ይህን በሽታ አስቀድመው የጻፉት በ1907 እ.ኤ.አ. በግሪንላንድ ደሴት ጠጕራቸውን ወደ ላይ አጥብቀው ያስሩ ስለ ነበሩ ሴቶች ነው፤ ስለዚህ የአንድ ሕዝብ በሽታ አይደለም፥ የውጥረት በሽታ ነው። በጊዜ ቢላላ ጠጕሩ ይመለሳል፤ ለብዙ ዓመት ቢዘገይ ግን ሥሩ ይሞታል፥ ዳግመኛም አይበቅልም። መድኃኒቱ ገንዘብ አያስከፍልም፦ ካመመሽ አላልተሽ እሰሪ፤ ማሰሪያውን ዛሬ ከፍ፥ ነገ ዝቅ አድርጊ፤ ስትተኚ ፍቺው። ጌጥ ሕመም ካመጣ አገልጋይ መሆኑን ትቶ ጌታ ሆኗል።

ስለ ቅን ፍርድም የሚነገር አለ። የራሷ ጠጕር አልበቃ ያላት ሴት የሌላ ሰው ጠጕር ገዝታ ትቀጥላለች። ይህ ጠጕር ከሰማይ አልወረደም፤ ከአንዲት ሴት ራስ ተቈርጧል። በሕንድ አገር በቲሩፓቲ ባለው ታላቅ ቤተ መቅደስ ተሳላሚዎች ለስእለት ራሳቸውን ይላጫሉ፤ ቤተ መቅደሱም ጠጕሩን በጨረታ ይሸጠዋል፥ ነጋዴዎችም በዓለም ሁሉ ያዞሩታል። ለስእለት የሰጠችው ድኻ ከዋጋው ምንም አትቀበልም። መግዛት ፈጽሞ የተከለከለ ነው አልልም፤ ነገር ግን በራስሽ ላይ የምትሸከሚው ከማን ራስ እንደ መጣ፥ ዋጋውም ከማን አፍ እንደ ተነጠቀ መጠየቅ ይገባሻል። የወር ደመወዟን ለጠጕር አውጥታ ለእናቷ የቤት ኪራይ ያጣች ልጅ የማንን ገንዘብ እንዳወጣች ታስብ። በሹሩባ ሠሪዪቱም ላይ አትከራከሪ፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ጣቷ እስኪደነዝዝ የሠራችልሽን ሴት ዋጋ መቀነስ፥ ከወርቅ ጌጥ ይልቅ የሚያሳፍር ነውር ነው።

አሁንም ወንድሜ ሆይ፥ ቃሌን ወደ አንተ እመልሳለሁ። የሴቶችን ጠጕር ለመመርመር ዓይንህ ፈጣን ነው፤ አንተስ በጠጕር ቆራጭ ወንበር ላይ ስንት ሰዓት ትቀመጣለህ? በጉባኤ መካከል ስለ ጠጕሯ አሠራር የገሠጽሃት ልጅ በሚቀጥለው ሰንበት ባትመጣ፥ ከዚያም በኋላ ፈጽማ ብትቀር፥ ምን አተረፍህ? ስለ አንድ ላስቲክ ብለህ አንዲት ነፍስ አባረርህ። በፈሪሳዊው ቤት የገባችውን ሴት አስብ። ፈሪሳዊው ጠጕሯ ተፈትቶ አየና ፈረደባት፤ ጌታችን ግን ያው ጠጕር እግሩን ሲያብስ አየ፥ ፍቅሯንም አመሰገነ። ሁለቱም አንድን ጠጕር ተመለከቱ፤ ያዩት ግን አንድ አይደለም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ለጥያቄው ያገኘነው መልስ ይህ ነው። ጠጕርን ማሳመር በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ጽድቅም አይደለም። ማንንም ካላታለለ፥ ራስንም ካላስናቀ፥ ድኻንም ካልበደለ፥ ንጹሕ ደስታ ነው፤ እግዚአብሔርም ንጹሕ ደስታን አይቀናበትም። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በደጃፍ ተቀምጠው እናት የልጇን፥ ጎረቤትም የጎረቤቷን ራስ ሲሠሩ ብታይ፥ ከንቱ ነገር ይሠራሉ ብለህ አትለፍ። በዚያች ሰዓት ድካም ይወራል፥ ምክር ይሰጣል፥ የታመመው ይጠየቃል። አንቺም እናት ሆይ፥ ዛሬ ማታ የልጅሽን ራስ ስታበጥሪ ከጫፉ ጀምረሽ ቀስ ብለሽ ፍቺው፤ ጠጕርሽ መልካም ነው ብለሽም ንገሪያት።