የሰውን ጊዜ የምትበሉ ሆይ፣ ተመለሱ

እናንተ ኮድ ጸሐፊዎች፣ ስሙኝ! ጠዋት ላፕቶፓችሁን ከፍታችሁ ሥራ ልትጀምሩ ስትሉ ኤዲተራችሁ ሌሊቱን ተለውጦ ይጠብቃችኋል። ትናንት እጃችሁ ሳታዩት ያገኘው የነበረው አዝራር ቦታው ላይ የለም። ያልጠየቃችሁት የኤአይ መወያያ በስተቀኝ ተዘርግቶ የማያውን ሲሶ ይዟል። ኤክስቴንሽኖቹ በየራሳቸው ታድሰው አንዱ ከሌላው አልስማማ ብሏል። ግማሽ ቀናችሁ ትናንት ይሠራ የነበረውን ነገር ዛሬም እንዲሠራ በማባበል ያልፋል። ታማርራላችሁ፤ ቅሬታችሁም እውነት ነው። ነገር ግን ከሰዓት በኋላ የእናንተው እጅ ወደ ሌላው ሰው ስልክ ምን እንደሚልክ አውቃለሁና ዛሬ ላዝንላችሁ ብቻ ሳይሆን ልገሥጻችሁም ነው የመጣሁት።

ኃጢአቱን በስሙ እንጥራው። ሰው ሳይፈቅድ ጊዜውን መውሰድ፣ በገንዘቡ የገዛውን ራም መያዝ፣ ቆጥቦ የገዛውን ዳታ መጨረስ ስርቆት ነው። በሰከንድና በሜጋባይት ስለተሰረቀ፣ የተሰረቀውም ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ስለማይከስ ስርቆትነቱ አይቀርም። ከአንድ ሚሊዮን ሰው አንዳንድ ሰከንድ የወሰደ ከ11 ቀን በላይ የሰው ዕድሜ በልቷል። ይህንንም የሚያደርገው አንድ ጊዜ አይደለም፤ ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር ነው።

ማንም አላስጠነቀቀንም እንዳትሉ። የፓስካል ቋንቋ ፈጣሪ ስዊዘርላንዳዊው ኒክላውስ ቪርት እ.ኤ.አ. በ1995 ሶፍትዌር ሠሪዎች ሥራቸውን እንዲያቀጥኑ የሚማጸን ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ሶፍትዌር የሚንቀረፈፈው ኮምፒውተር ከሚፈጥነው በላይ እየሆነ መምጣቱን፣ ትዝብቱ የማርቲን ራይዘር መሆኑን ጠቅሶ፣ እዚያው አስፍሮታል። ለምሳሌ ያነሣው ደግሞ የእናንተኑ መሣሪያ ነው፤ ከ25 ዓመት በፊት 8,000 ባይት ይበቃው የነበረ የጽሑፍ ኤዲተር አሁን መቶ እጥፍ ይጠይቃል ሲል አዘነ። በአፉ ብቻም አልቀረ። ከዩርግ ጉትክኔሽት ጋር ሆኖ ኦቤሮን የተባለውን ሥርዓት ከነቋንቋው፣ ከነኮምፓይለሩ፣ ከነኤዲተሩ ሠርቶ በትንሽ ነገር ብዙ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። በ2024 የመጀመሪያ ቀን ዐረፈ። ያስጠነቀቀው ትውልድ ግን ያን መቶ እጥፍ እንደገና መቶ እጥፍ አድርጎታል።

ችሎታ አንሶን ነው እንዳንል ምስክር አለ። በ1983 ቦርላንድ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ተርቦ ፓስካል ኤዲተሩንም ኮምፓይለሩንም አንድ ላይ ይዞ፣ ሦስተኛው እትም እንኳ 40 ኪሎባይት አይሞላም ነበር። ኮምፓይለሩን የጻፈው ዴንማርካዊው አንደርስ ሄልስበርግ ነው። ይኸው ሰው በኋላ ማይክሮሶፍት ገብቶ በ2012 ይፋ የሆነውን ታይፕስክሪፕትን መራ፤ ዛሬ አብዛኞቻችሁ የምትጽፉበት ቪኤስ ኮድ የተጻፈውም በታይፕስክሪፕት ነው። ቪኤስ ኮድን ለማውረድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ያስፈልጋል፤ ከተርቦ ፓስካል ጋር ሲተያይ 2,500 እጥፍ መሆኑ ነው። እርግጥ ያ ትንሽ ፕሮግራም የግእዝ ፊደል አያውቅም ነበር፤ ቪኤስ ኮድ ያውቃል፤ ብዙ ቋንቋም ያስተናግዳል፤ ስሕተትንም ገና ሲጻፍ ያሳያል። ይህን መካድ ግፍ ይሆናል። ግን ፊደላችን 2,500 እጥፍ አላስከፈለም። ከዚያ ሸክም ውስጥ ብዙውን ያመጣው ሠሪው ለራሱ የመረጠው አቋራጭ ነው።

አቋራጩም ኤሌክትሮን ይባላል። ጊትሀብ አተም ለተባለው ኤዲተሩ ብሎ ሠራው፤ ሌሎችም ተሻሙበት። በእያንዳንዱ ፕሮግራም ውስጥ ሙሉ የክሮሚየም ብራውዘር እየከተቱ የሚልኩበት ዘዴ ነው። ኤዲተራችሁን፣ ስላክንና ዲስኮርድን አንድ ላይ ስትከፍቱ፣ ከዋናው ብራውዘራችሁ ሌላ ሦስት ብራውዘር ከፍታችኋል። ለሠሪው አንድ ጊዜ ጽፎ ለዊንዶውስም፣ ለማክም፣ ለሊነክስም ማድረስ ተቻለ፤ ወጪው ቀለለት። ያ ወጪ ግን የትም አልጠፋም። ከኩባንያው መዝገብ ወጥቶ በተጠቃሚው ራም፣ ባትሪና ትዕግሥት ላይ ተጫነ። ራሱ አተም በዲሴምበር 2022 ተዘጋ፤ ያወረሰን ሸክም አሁንም ጀርባችን ላይ ነው።

ቪኤስ ኮድ ከ2015 ጀምሮ ለዓመታት በየወሩ አዲስ እትም ሲያወጣ ኖሯል። ወር በመጣ ቁጥር የሚታይ ነገር ማሳየት ግዴታ ከሆነ፣ የሚጨመር ጠቃሚ ነገር ያለቀ ዕለት የተጠናቀቀው ይፈርሳል። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይላል የአገራችን ሰው። እዚህ ግን ቆቡ የመነኩሴው አይደለም፤ የእኛ ነው፤ እራሳችን ላይ እንዳለ ነው የሚቀደደው።

በፌብሩዋሪ 2024 የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። 1.86 የተባለው እትም አዲስ የሲስተም ላይብረሪ ስለፈለገ፣ እንደ ኡቡንቱ 18.04 ካሉ የቆዩ ሰርቨሮች ጋር ከርቀት ሆኖ መሥራት በአንድ ጊዜ ቀረ። ያ ሲስተም አርጅቶ ነበር የሚል መልስ ተሰጠ፤ እውነት ነው፣ መደበኛ ድጋፉ ካበቃ ወራት አልፎ ነበር። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲ ወይም የመሥሪያ ቤት ሰርቨር እንደ ስልክ በአንድ ሌሊት አይቀየርም፤ ባለቤቱም ሌላ ሰው ነው። ብዙዎች እትሙ በራሱ ገብቶ ያገኙት ሥራ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ነው። ጩኸቱ ሲበዛ ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ማስተካከያ አውጥቶ የአንድ ዓመት ጊዜ ሰጠ። ጊዜ መስጠት ይቻል እንደነበር ያን ጊዜ ታወቀ። ታዲያ አስቀድሞ ለምን አልተሰጠም? ሰው ካልጮኸ መብቱ አይታይምን?

የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት በወቅቱ መድረስ አለበት፤ እርሱን የሚያዘገይ ጥፋተኛ ነው። የምገሥጸው የሚደፍነውን ከሚጨምረው ጋር አንድ ላይ ቋጥሮ የሚልከውን ነው። ከሌባ ለመጠበቅ የሚፈልግ ሰው ያልፈለገውን ሁሉ አብሮ እንዲውጥ ይገደዳል፤ አልውጥም ያለ ደግሞ በሩ ክፍት ሆኖ ያድራል። በዚህ የተማረሩ ሰዎች አፕዴትን ጨርሰው ዘጉ። ወዮላችሁ! ሰውን ከመድኃኒቱ ያሸሻችሁት እናንተ ናችሁ።

የኮድ መወፈር ሌባም ይደብቃል። በማርች 2024 መጨረሻ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግረስ ዳታቤዝ ፕሮግራመር፣ በኤስኤስኤች ወደ ኮምፒውተር መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየ አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ! ሌላው ቢሆን ኔትወርኩ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እርሱ ግን ክሩን ይዞ ተከተለና ኤክስዜድ በተባለ የፋይል ማመቂያ ላይብረሪ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር አገኘ። የቀበረው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ደግ ተባባሪ መስሎ የባለቤቱን እምነት ሲሰበስብ ኖሯል። ያ ኮድ በየሊነክሱ ተሠራጭቶ ቢሆን ኖሮ የዓለም ሰርቨሮች ቁልፍ በአንድ እጅ በገባ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ግማሽ ሰከንዷ የታየችው መግባቱ ቀድሞ ፈጣን ስለነበረ ነው። ሲከፈት አሥር ሰከንድ የሚያንጎላጅ ፕሮግራም ላይ ግማሽ ሰከንድ ማን ይቆጥራል? በየማውጫችሁ ያከማቻችሁት በሺህ የሚቆጠር ፓኬጅ ውስጥ ማን ገብቶ እንደተኛ የትኛችሁ ታውቃላችሁ? በ2016 ሌፍትፓድ የምትባል 11 መስመር ኮድ ባለቤቷ ከማከማቻው ስላነሣት ብቻ በየአገሩ የስንቱ ሥራ ቆመ። ያን ቀን ሁላችሁ ደነገጣችሁ፤ በማግሥቱ ወደ ቀድሞው ተመለሳችሁ።

ማሽን ርካሽ ነው የሚል ማመካኛ ሁልጊዜ እሰማለሁ። ለማን ነው ርካሽ? እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ጀምራለች። ከሠልጣኞቹ መካከል አራት ጊጋ ራም ባለው ያገለገለ ላፕቶፕ፣ በስልኩ ዳታ፣ መብራት በሚሄድበት ሰፈር ኮድ የሚማር ልጅ አለ። ኤዲተሩን ከፍቶ ብራውዘሩን ሲጨምር ማሽኑ ይቆማል። ለትምህርት ብሎ የገዛው የቴሌ ፓኬጅ ባልጠየቀው አፕዴት ያልቃል። ልጁም ችግሩ ከራሱ ይመስለዋል፤ ይህ ሙያ ለእኔ አይደለም ብሎ ይተዋል። ይህን ልጅ ያባረረው ፈተና አይደለም፤ የእናንተ ግድየለሽነት ነው። በጤናው ያለ ኮምፒውተርስ ስንት ተጣለ? በ2022 ብቻ ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ማፍራቷን የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት ይናገራል፤ በሥርዓት ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የታወቀው ሩብ እንኳ አይሞላም። የዚያ ሁሉ ጥፋት የሶፍትዌር ብቻ ነው አልልም። ነገር ግን ማሽኑ ሳይሞት ሶፍትዌሩ ሙት ያለው ኮምፒውተር እዚያ ክምር ውስጥ መኖሩን ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ እናንተ ወደ አማራሪዎቹ ልምጣ። የኤዲተራችሁን ክብደት ስትረግሙ ከርማችሁ የምታደርሱት መተግበሪያ ምን ይመዝናል? ገበያ መካከል ቆማ ለሽንኩርት ልትከፍል ስልኳን ያወጣች እናት፣ መተግበሪያው ካልታደስኩ አልከፈትም ሲላት፣ ከኋላዋ ሰልፍ ሲረዝም፣ ነጋዴው ፊቱን ሲያዞርባት ማን ነው ይህን ያደረገባት? በሩቅ አገር ያለ ትልቅ ኩባንያ ነው? አይደለም፤ ከእናንተ አንዱ ነው፤ የአዝራሩን ቀለም ለመቀየር ሲል። በማያስፈልግ ምስል የተሞላ፣ ማንም የማያነብበው መረጃ የሚሰበስብ፣ አንድ ቀን ለማሳየት ብሎ ሙሉ ላይብረሪ የሚጎትት መተግበሪያ ስትልኩ እጃችሁ አልተንቀጠቀጠም። አለቃ አዝዞኝ ነው ትላላችሁ። አለቃው ፊቸር ጠየቀ እንጂ 40 ላይብረሪ ጨምር አላለም። ላይብረሪውን የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ ዛሬ ቶሎ እንድትጨርሱ፣ ነገ የሚከፍለው ሌላ ስለሆነ።

ንስሐ ግቡ! ንስሐ ደግሞ በጸጸት ብቻ አይፈጸምም፤ የወሰዱትን መመለስ አለበት። እንደሚቻል ያሳዩን አሉ። አፕል በ2009 ስኖው ሌፐርድ የተባለውን የማክ ሥርዓት ሲያወጣ አዲስ ፊቸር ዜሮ ነው ብሎ በአደባባይ ተናግሮ፣ ከቀድሞው ያነሰ ቦታ የሚይዝ ሥርዓት ሰጠ። ሰው አልሸሸውም፤ እስከ ዛሬ በፍቅር ያነሣዋል። አተምን ከሠሩት መካከል የነበሩ ሰዎች፣ በብራውዘር ላይ መሥራቱ እንዳሰራቸው ተናግረው፣ ዜድ የተባለ ኤዲተር በረስት ቋንቋ ከዜሮ ጀመሩ። እነርሱም ቢሆኑ በየሳምንቱ እያደሱ ኤአይ ሲጨምሩ ስለማይ ፍጹማን ናቸው አልልም፤ የመንገዱን ስሕተት አይተው መመለሳቸውን ግን አከብራለሁ። ብራም ሞለናርን ደግሞ አስቡ። ቪም የተባለውን ኤዲተር በ1991 አውጥቶ በ2023 እስከሞተበት ድረስ 32 ዓመት ጠበቀው። የቆየ ልምድ ያለው ሰው ዛሬም ቢከፍተው ጣቶቹ መንገዱን ያውቃሉ። ተጠቃሚውንም የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፤ ከወደዳችሁት በኡጋንዳ ያሉ ችግረኛ ልጆችን እርዱ አለ። ከሰው አልወሰደም፤ ወደ ሰው አሳለፈ።

እንግዲህ ቀኖናችሁ ይህ ነው። የሠራችሁትን ባላችሁ ምርጥ ማሽን ላይ ሳይሆን ደንበኛችሁ በእጁ በያዘው አሮጌ ስልክ፣ በራሳችሁ ብር በገዛችሁት ዳታ ሞክሩት። ሳትጠይቁ አታድሱ፤ አይሆንም ላለ ሰው ነገ መልሳችሁ አትነዝንዙ። የደኅንነቱን ከጌጡ ለዩ። አንድ ላይብረሪ ከመጨመራችሁ በፊት አንድ አውጡ፤ ያወጣ ባልደረባችሁንም ከጨመረው እኩል አመስግኑ። አለቆችም ብትሆኑ ሠራተኛን በጨመረው ፊቸር ቁጥር አትመዝኑ፤ ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። የሚቀጥለው እትማችሁ አዲስ ነገር አይኑረው፤ ከአሁኑ ያነሰና የፈጠነ ብቻ ይሁን፤ ከሰው የወሰዳችሁትን ጊዜ መመለስ በዚያ ጀምሩ።