ለእኔ የማይሆን ከመነዳሪ

ከብስክሌቴ ኮርቻ ሥር የምትታሰረው ቦርሳ ሁለት ጭብጥ ታህላለች። አንድ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ሁለት የላስቲክ ጎማ መፈልቀቂያ፣ መለጠፊያ ከነማስቲሹና ከነብርጭቆ ወረቀቱ፣ ትንሽ ፒንሳና ጥቂት መፍቻ ይዛለች። ፓምፑ ለብቻው ይታሰራል። ዲያቆን የሆነው የእህቴ ልጅ አንድ ቅዳሜ ይህን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ አየና «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ተሸክመው "በሰላም አግባኝ" ብለው የሚጸልዩት ለወጉ ነው?» አለኝ። ሳቅንበት። ነገሩ ግን አለቀቀኝም። ዕድሜዬን ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ተማሪ የጠየቀኝን ሳልመልስ ከክፍል መውጣት አይሆንልኝም።

ከአርሲ ነገሌ ወደ ላንጋኖ የሚሄድ ሰው ከ2,000 ሜትር ከፍታ ወደ 1,600 ገደማ ይወርዳል። መውረዱ ደስታ ነው፤ ጣጣው ያለው ታች ነው። በስተግራ የአብያታ ሻላ ፓርክ፣ በስተቀኝ ቡናማው ሐይቅ፣ በሁለቱም በኩል ግራር። በረት የሚያጥሩ ሰዎች የግራር ቅርንጫፍ እየጎተቱ አስፋልቱን ሲያቋርጡ እሾሁ ይራገፋል። ነጭና ቀጥ ያለ ነው፤ ጎማውን ከወጋ በኋላ ጫፉ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፣ ከውጭ ምንም አይታይም። ስለዚህ ከመነዳሪ ከመቀየር በፊት የጎማውን ሆድ ዙሪያውን በጣት መዳበስ ግድ ነው። ሳይዳብስ የቀየረ አዲሱንም እዚያው ያስበሳዋል። ፒንሳ የምይዘው ያን ስባሪ ለመንቀል ነው እንጂ ብሎን ለመፍታት አይደለም።

አያያዙም ዕውቀት አለው። ትርፉን ከመነዳሪ ከብረቱ ጋር እንዲሁ ካጨቁት የመንገዱ ንዝረት እያፋተገ ገና ሳይገጠም ይበሳዋል። አየሩን ጨርሶ አውጥቶ፣ የቫልቩን ክዳን አጥብቆ፣ አሮጌ ካልሲ ውስጥ መክተት ነው። ካልሲው በኋላ የካቴና ቅባት የነካውን እጅ ይጠርጋል። ማስቲሽ ግን አንዴ ከተከፈተ ዕድሜ የለውም። ክዳኑን የፈለጉትን ያህል ቢያጠብቁት የቆላው ሙቀት ያደርቀዋል፤ ለችግር ቀን ሲጨምቁት ጠብ የሚል ነገር የለም።

መናን ያስታወሰኝ ይህ ማስቲሽ ነው። በኦሪት ዘጸአት እስራኤል በየማለዳው ለዕለቱ የሚበቃውን ይለቅሙ ነበር፤ ለነገ ብለው ያሳደሩት ትል አፈራ። ይህ የእህቴን ልጅ ክርክር ይደግፋል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ግን ሌላ ትእዛዝ አለ፤ ከዚያው መና አንድ ጎሞር ተሰፍሮ ለሚመጣው ትውልድ እንዲቀመጥ ታዘዘ። መና የነበረበትን መሶበ ወርቅ በሰንበት ትምህርት ቤት ያላለፈ እንኳ ያውቀዋል። ለትውልድ ብሎ መጠበቅ ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ ከእኛ በስተሰሜን፣ ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ፣ ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ደብረ ጽዮን ገዳም አለ፤ በዮዲት ጉዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ሸሽተው የተጠለሉት እዚያ ነው ይባላል። ከአክሱም እስከ ዝዋይ ምን ያህል ተራራ እንዳለ ካርታ ላይ ለተማሪዎቼ ሳሳይ ኖሬያለሁ። ያን መንገድ የሚሄድ ሰው ስንቁን ይጥላል እንጂ ታቦቱን አይጥልም።

ለነገ ቁርስ የተደበቀው መና ተበላሸ፣ ላልተወለደ ሰው የተቀመጠው አልተበላሸም። እንግዲህ ጥፋቱ ማስቀመጡ ላይ አልነበረም ማለት ነው። ሐዋርያትም መጀመሪያ ያለ ከረጢት ያለ ኮሮጆ ተላኩ፣ በመጨረሻዋ ማታ ግን ኮሮጆ ያለው ይያዝ ተባሉ፤ ሁለቱም በአንዱ በሉቃስ ወንጌል ነው ያሉት። የእህቴን ልጅ በዚህ ረታሁት። እሱ ግን ደህና አድርጎ የተማረ ልጅ ነው፤ «እሺ፣ ይያዙ። የያዙት ለማን ነው?» አለኝ።

እዚህ ላይ የአሥሩ ደናግል ምሳሌ መጣ። ትርፍ ዘይት መያዝን የሚያመሰግን ወንጌል ቢኖር ማቴዎስ 25 ነው፣ ለብስክሌተኛ የተጻፈ ይመስላል። እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ግን ልባሞቹ ሲለመኑ እምቢ ማለታቸው ነው። ለእኛም ለእናንተም ላይበቃ ይችላል፣ ሄዳችሁ ግዙ አሉ። በዚያ ሌሊት! ይህን በአስፋልት ዳር የሚለኝን ሰው ልባም ብዬ አልጠራውም።

በዚህ ሐሳብ ላይ እያለሁ ነበር ከቡልቡላ ከተማ ወዲህ አንድ ልጅ ያገኘሁት። ማውንቴን የሚሉትን ባለ 26 ኢንች ብስክሌት ገልብጦታል፣ ከኋላ ጭኗቸው የነበሩት ቢጫ ጀሪካኖች ውሃ እንደሞሉ መንገድ ዳር ተቀምጠዋል። «አካም?» (እንዴት ነው?) አልኩት፣ እሾህ አሳየኝ። ከመነዳሪዬን ከካልሲው አወጣሁ። ልጁ በሁለት ጣቱ ለካና ሳቀ። የእኔ ብስክሌት የስስ ጎማ ናት፤ ከመነዳሪው ከእሱ ጎማ ሲሶ ያህል ቢወፍር ነው። ቫልቩም ቀጭን ነው፣ የእሱ ቸርኬ ቀዳዳ ውስጥ ይዋልላል። ቢነፉት እንኳ ተለጥጦ ያን ጀሪካን አይችልም። መለጠፊያ ሰጠሁት፤ ማስቲሹ ደርቋል።

ልጁ አልተጨነቀም። ኮርቻው ላይ ከተጠመጠመ አሮጌ ከመነዳሪ ቀጭን ክር በምላጭ ቆረጠ። የተበሳውን ቦታ እንደ ከረጢት አፍ ሰብስቦ በዚያ ክር እየሳበ ደጋግሞ አሰረው። ጎማው ውስጥ መልሶ ከተተውና እጁን ዘረጋልኝ፤ ፓምፑን ነበር የፈለገው። የፓምፔ አፍ ሲገለበጥ ወፍራሙንም ቫልቭ ይይዛል። ተፈራርቀን ነፋን፣ ጀሪካኖቹን ጫነ፣ የታሰረችው እብጠት በዞረ ቁጥር እያነጠረችው ሄደ።

ፓምፕ ቢዋሱት አያልቅም። ከመነዳሪ ሲሰጡት ያልቃል፤ ያውም ለሚገጥመው ሰው ብቻ። ለመንገድ ያሰናዳሁት ነገር ሁሉ ለራሴ ቸርኬ ተለክቶ የተሠራ ነበር፣ ለሌላ ሰው ላካፍል ብል እንኳ አይካፈልም። ደናግሉን እንደገና ያየኋቸው ከዚህ በኋላ ነው። ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በአንጾኪያ የማቴዎስን ወንጌል ሲሰብክ ያን ዘይት ምጽዋት፣ ለተቸገረ መራራት ብሎ ተርጉሞታል። እንዲህ ከሆነ ሰነፎቹ ዘይት ያጡት የሰጡት ነገር ስላልነበረ ነው፤ ልባሞቹም እምቢ ያሉት ከስስት አይደለም፣ አንድ ሰው የሰጠውን ሌላው ሰው ሰጠሁ ሊልበት አይችልምና። ይህ ትርጓሜ ክንከናዬን ሙሉ በሙሉ ባያጠፋውም ጥያቄውን ግን አዙሮልኛል። ጭራሽ ቦርሳ ያልያዘን ሰው ማን ምን ይጠይቀዋል?

የብስክሌት ዓለም በዚህ ጉዳይ አንድ አሳፋሪ ታሪክ አለው። በ1913 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ ዩጂን ክሪስቶፍ የሚባል ፈረንሳዊ የቱርማሌን ተራራ ሲወርድ የፊት ሹካው ተሰበረበት። ደንቡ ሁሉም በራሱ ይጠግን የሚል ነበርና ብስክሌቱን ተሸክሞ በእግሩ እስከ ሳንት ማሪ ደ ካምፓን ወረደ፤ ቀጥቃጭ ቤት ገብቶ ብረቱን አግሎ ሹካውን በገዛ እጁ አበጀ። ዳኞቹ ቆመው ይመለከቱ ነበር። ሁለት እጁ ስለተያዘ ወናፉን አንድ ትንሽ ልጅ ነፋለት። ለዚህ ደቂቃ ጨምረው ቀጡት። ውድድር ነውና ደንብ ደንብ ነው ይባል ይሆናል። እኔ ግን ወናፍ መንፋት የሚያስቀጣበትን ጽድቅ አልፈልገውም።

ቡልቡላ የማውቀው ጎሚስታ ዘንድ ሄጄ ባለ 26 ኢንች ወፍራም ከመነዳሪ ጠየቅሁ። ብስክሌቴን አየና «ባርሲሳ (መምህር)፣ ይህ ለእርስዎ አይሆንም» አለ። አውቃለሁ፣ ለእኔ አይደለም አልኩት። ነገሩን ሲሰማ ግመሉን ልሰረው ወይስ ፈትቼ በአላህ ልመካ ብሎ ነቢዩን የጠየቀውን ሰው አነሳልኝ፤ ሐዲሱ ቲርሚዚ ውስጥ ያለ ነው፣ እሰረውና ተመካ ነው የተባለው። «የራሱን ግመል ነው ግን እሰር የተባለው» አለ እየሳቀ። ዋጋ ቀንስልኝ ብለው «ሰዋቡ የእርስዎ ነው፣ እኔ ነጋዴ ነኝ» ብሎ ሳንቲም ሳይቀንስ ሸጠልኝ። ልክ ነው፤ በሰው ኪሳራ መጽደቅ ቀላል ነው።

ልወጣ ስል ጠራኝና ታጥፎ የቆየ ከመነዳሪ ባይገጠምም በማጠፊያው እንደሚሰነጠቅ ነገረኝ፤ አልፎ አልፎ አውጥቼ ትንሽ ልንፋው፣ ስመልሰውም በሌላ በኩል ልጠፈው። ለሌላ የተቀመጠውም ይበላሻል ማለት ነው፤ ይህን ለእህቴ ልጅ ገና አልነገርኩትም። ከመነዳሪው ሌላ ካልሲ ውስጥ ገብቶ ከእኔው ጎን ተቀምጧል። እንደተባልኩት እያወጣሁ አጣጥፈዋለሁ። እስካሁን መንገድ ላይ ያስቆመኝ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ግን ፓምፕ ነው።