ለመኖር ስም መቀየር ውሸት ነው ወይ?

ውድ የማኅበራችን እህቶች፣  በጂዳም በመካም በየሰው ቤት ሆናችሁ ይህችን ወረቀት በግልጽም በድብቅም ለምታነቡ ሁሉ፣ ለዛሬ ይዤ የቀረብኩት ጥያቄ ብዙዎቻችን ማታ ጋደም ስንል የምናስበው፣ ግን አፍ አውጥተን የማንነጋገርበት ነው። ሰው ለመኖር ብሎ ስሙንና ሃይማኖቱን ቢደብቅ ዋሸ ይባላል ወይ?

ጥያቄውን ያስነሳብኝ አንድ ፊልም ነው። የአይሁድ ፊልምና ባህል የሚታይባቸው ፌስቲቫሎች በየአገሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና አዳራሾችን ሲዘጋ ብዙዎቹ ወደ ኢንተርኔት ዞሩ፣ እንደኛ እንደልቡ መውጣት ለማይችል ሰውም ስልክ ላይ የሚታይ ነገር ሆኑ። በእንዲህ ዓይነት ፌስቲቫል ስለኛ አገር ቤተ እስራኤሎች የተሠሩ ፊልሞችም ይቀርባሉ። አንዱ ራዱ ሚሃይሊያኑ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ነው። ርእሱ በአማርኛ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» እንደማለት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1984፣ የረሃቡ ዘመን ነው። ሱዳን ስደተኛ ካምፕ ውስጥ አንዲት ክርስቲያን እናት ከትንሽ ልጇ ጋር አለች። በዚያው ሰሞን እስራኤል «ዘመቻ ሙሴ» በተባለው ሥራ ቤተ እስራኤሎችን ከሱዳን በስውር በአውሮፕላን ታወጣ ነበር፤ እስከ ጥር 1985 ድረስ ወደ 8,000 ሰው አውጥታለች። እናትየው ልጇ እዚያ ከቆየ እንደሚሞት ስላወቀች፣ ልጇ ከሞተባት አንዲት አይሁዳዊት ጋር ሂድ ትለዋለች። ልጁ አልቅሶ ይሄዳል። የሞተውን ልጅ ስም፣ ሰሎሞንን፣ ይይዛል። እዚያ ሲደርስ ደግሞ ሽሎሞ ይሉታል። አሳዳጊዎች ያገኛል፣ ይማራል፣ ያድጋል፣ ግን ምስጢሩ ሆዱ ውስጥ ነው። ለእናቱ ደብዳቤ የሚጽፍለት አንድ የቤተ እስራኤል ቄስ ነው።

እሺ፣ ይቺ እናት አጠፋች?

አጠፋች የሚል ሰው ሁለት ነገር ሊያነሳ ይችላል። አንደኛው፣ ውሸት ምንጊዜም ውሸት ነው ይላል። ሁለተኛው የበለጠ ከባድ ነው፤ አውሮፕላኑ ላይ ያለው ቦታ የሌላ ሰው ነበር ይላል። ለሁለተኛው ፊልሙ ራሱ መልስ አለው። ልጁ የያዘው የሞተ ልጅ ቦታ ነው፣ ማንንም አላስወረደም። ባይሆን ኖሮ እኔም ከከሳሾቹ ጋር እቆም ነበር። የራስን ልጅ ለማዳን የሰው ልጅ ከአውሮፕላን ማውረድ ሌላ ነገር ነው።

ወደ መጀመሪያው እንምጣ። እዚያው ሱዳን ካምፕ ውስጥ እውነተኞቹ ቤተ እስራኤሎችም ማንነታቸውን ይደብቁ ነበር። ሱዳን የአረብ ሊግ አባል ስለሆነች አይሁድ ነን ማለት አደጋ ነበረው። ከጂዳ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ ከፖርት ሱዳን በላይ፣ አሩስ የሚባል የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ነበር። ከ1981 እስከ 1985 የእስራኤል ሰላዮች የጠላቂዎች ሆቴል አስመስለው ይዘውት፣ ሰዎችን በሌሊት በጀልባ ያወጡበት ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ ካምፕ ውስጥ አይሁዱ አይሁድነቱን ይደብቃል፣ የፊልሙ ክርስቲያን ልጅ ደግሞ ክርስትናውን። ያ ሁሉ ሕዝብ ውሸታም ነው እንበል? የፊልሙን ሠሪ አባት ብንወስድም ያው ነው። ሮማንያዊ አይሁድ ነበር፤ ከናዚ የጉልበት ሥራ ካምፕ አምልጦ በሕይወት ለመቆየት ስሙን ቀየረ። ሚሃይሊያኑ የተባለው ያን ጊዜ ነው። ልጁም ዛሬ የሚጠራው በዚያው ስም ነው።

እኔ የሚመስለኝ፣ ውሸቱን የሚወልደው የበሩ ጥበት ነው። በሩ ላይ «የዚህ ወገን ብቻ ይኑር፣ ሌላው ይሙት» ተብሎ ከተጻፈ፣ የሚጠየቀው አስቀድሞ ጻፊው ነው።

በሩ ሲሰፋ ምን እንደሚሆን ደግሞ ከራሳችን ታሪክ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. ወደ 615 ገደማ ከመካ የተሰደዱ ሙስሊሞች አክሱም ገቡ። የእስልምና ታሪክ እንደሚናገረው፣ አሳዳጆቻቸው ተከትለው መጥተው ንጉሡ አሳልፎ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ንጉሡ ስለ ኢየሱስ ምን ትላላችሁ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ከክርስቲያን ንጉሥ ፊት ቆሞ የሚያምነውን ሳይሸፋፍን ተናገረ። ነጃሺም አልሰጣቸውም። ስደተኛ እውነቱን ተናግሮ መጠለያ ያገኘው የሚሰማው ሰው ስላገኘ ነው።

አሁን ወደኛ ቤት። ደላላ ፓስፖርቷ ላይ ዘሃራ ያስባላት ልጅ በመካከላችን አለች። ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት ስላለባት ሻሿን ቤት ውስጥም ዝቅ አድርጋ የምታስር አለች። ረቡዕና አርብ «አልራበኝም» እያለች የምትጾም አለች። እኔም የምጠራበት ስም እናቴ ያወጣችልኝ አይደለም። እነዚህን ልጆች ውሸታም ብሎ ለመስደብ የሚቸኩል ሰው፣ መጀመሪያ ያገር ቤት እናቶቻቸውን ጎተራ ከፍቶ ይይ።

ግን ሁሉም ይፈቀዳል ማለቴ አይደለም። ማዳሟ ለዑምራ መካ ልውሰድሽ ብትላት ያቺ ዘሃራ ምን ታድርግ? መካ ሙስሊም ያልሆነ የማይገባበት፣ ለሙስሊም እህቶቻችን ከሁሉ የከበረ ቦታ ነው። የራስን ነገር መደበቅና የሌላውን ቅዱስ ነገር በሐሰት መንካት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው የሚጎዳው እኔን ነው፣ ሁለተኛው ግን አብራኝ እንጀራ የምትቆርሰውን ሐሊማን ነው። ስለዚህ ብትቀር ይሻላል እላለሁ። ሴት ሁሉ የምታውቀው፣ ማዳምም የማትመረምረው ሰበብ አለ። እሱም ውሸት ነው ካላችሁኝ፣ አዎ ነው፤ ግን የሌላውን ክብር ለመጠበቅ የተባለ ነው። ሳትጠየቅ መካ ካለ ቤት የተመደበች ልጅ ካለች ደግሞ ኃጢአቱን ለደላላው ትተውለት።

ሌላው፣ ውሸቱ ወደ ውስጥ እንዳይገባ መጠበቅ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የሽሎሞ ግን እያደር የከበደ ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ የነሳው፣ የሚወዳትን ልጅ እንኳ እንዳያምናት ያደረገው እሱ ነው። ያቆየው እውነተኛውን የሚያውቅ ሰው ማግኘቱ ይመስለኛል። ቤተ እስራኤሎችም በካምፑ የደበቁትን ሃይማኖት አልጣሉትም። ቄሶቻቸው በጎንደር ተራራ ላይ በግእዝ ኦሪት እያነበቡ ያከብሩት የነበረው ስግድ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በእስራኤል በሕግ የታወቀ በዓል ሆኗል። የደበቁትን ሲያወጡት በቦታው ነበረ።

እኛስ? ቢያንስ አንድ ሰው እውነተኛ ስማችንን ይወቅ። በማኅበራችን ስንገናኝ ኢቃማው ላይ ባለው ሳይሆን እናት ባወጣችው ስም እንጠራራ። ሐሊማም በሐሊማነቷ፣ ወለተ ማርያምም በወለተ ማርያምነቷ ትቀመጥ። ሰፊ በር ከሌላው ከመጠበቅ በፊት፣ ቡና የምናፈላባትን ጠባብ ክፍል እናስፋ።

የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ጻፉልኝ፣ በሚቀጥለው እትም እንወያይበታለን። ቸር ያሰማን።